ከአርባ አንዱ ኳስ ሃያ ዘጠኙ

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

«የተጫዋቿ አሥራ አንድ መለኪያዎች አዲሱ ክለቧ ባለበት ከተማ የሚገኙት መዛኝ ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት ተሻሽለዋል። ድፍረት፦ ከ6 ወደ 15። የቀድሞው ምዘና ከአንድ ወገን ዕይታ የመነጨ ሆኖ ተገኝቷል። እስካሁን ላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ነጥብ ሳላስቀር። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት የጠበቀኝ ይኸው ነው።

ከአንድ ወገን ዕይታ! አሥራ አንድ ዓመት በነጻ መዘንኩላቸው። የከተማችንን የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 20፣ በዝናብም በፀሐይም ቆሜ። አንድም ቀን ከቀነ ገደቡ አላሳለፍኩም። ድርጅቱ ቁጥሩን ወስዶ የሚሸጠው የኮምፒውተር ኳስ ጨዋታ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በየቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተጣደ «አሰልጣኝ» ሁሉ በእኔ ቁጥር ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሰልፋል። ፍጥነት፣ ቅብብል፣ ጽናት፣ ድፍረት… ለአንድ ሰው ሠላሳ ስድስት መለኪያ። አንዷንም በግምት ሞልቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ነጥብ! ስድስቱን ከሰጠሁ ወዲህ ባለው አሥራ አራት ወር ሰው ዘጠኝ ነጥብ ደፋር ይሆናል? ወይ እኔ አላይም፣ ወይ እነሱ አይቆጥሩም። እኔ ደግሞ አያለሁ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ኪዩብ ሰበርኩ። ጥንካሬው እንዲለካ ከአዲሱ ድልድይ የመጣ ኮንክሪት። ሁለቱ አለፉ፣ አንዱ ወደቀ። ኮንትራክተሩ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ «ኢንጂነር፣ እስቲ ትንሽ…» አለኝ። ትንሽ ምን? ማሽኑ ያለውን ጻፍኩ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ኩሽና ሆና ስልክ ታወራለች። ስታየኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ድምጿ ዝቅ ሲል ከማን ጋር እንደምታወራ አውቃለሁ።

እዚህ ልጻፈው፤ ለድርጅቱ አልነገርኩም። ድፍረት 6 የሰጠኋት ተጫዋች ልጄ ናት።


መጋቢት 5

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ማስረጃ ይላክልኝ። ጨዋታ በጨዋታ፣ ኳስ በኳስ።


መጋቢት 7

መልስ የለም። ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ቀያሽ ጨዋታውን ይጫወታል። «ልጅህ እኮ አሥራ አምስት ገባች! ገዛኋት!» ብሎ እየሳቀ መጣ። ገዛኋት… «ምን አደረገች?» አልኩት። «ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ግብ። ትጋደላለች!» አለ።

ትጋደላለች አለ። በእኔ ቁጥር ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጣት።


ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ተላከ። የማስረጃው ሠንጠረዥ ሁለት ገጽ ነው። መዛኟ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ የራሷ መድኃኒት ቤት ያላት። ምን አገናኛት ከኳስ ጋር? ብቻ ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው። መናገር ያለብኝን ልናገር፣ ንጹሕ ነው።

እሷም እንደ እኔ የጋራ ኳስ ነው የቆጠረችው። ለሁለት ተጫዋቾች እኩል የራቀች ኳስ። ሄዶ የገባ ደፋር ነው፤ እግሩን የሰበሰበ አይደለም። ሁለት ዓምድ ብቻ፦ ገባች፣ ተወች። ከዚህ የቀለለ መለኪያ የለም።

የእኔ፦ በሜዳችን 9 ጨዋታ፣ 41 የጋራ ኳስ፣ 12 ገባች፣ 29 ተወች። ከ20 ሲሰላ 5.85። ስድስት አልኩ። ወደ ላይ ነው ያጠጋጋሁት፤ አድልዎ ካለ ያው ነው!

የሴትዮዋ፦ 14 ጨዋታ፣ 66 የጋራ ኳስ፣ 52 ገባች። ሲሰላ 15.76። ታዲያ 15 ብላ ጻፈች! ደንቡ አጠጋጉ ይላል። 16 መሆን ነበረበት። ሴትዮዋ ልጄን አንድ ነጥብ በልታባታለች።

ደብዳቤዬን ጀምሬ መሐል ላይ ቆምኩ። የተቆጣሁት ስለበዛላት ነው ወይስ ስላነሰባት? … ነገ እጽፈዋለሁ።


እሑድ፣ መጋቢት 15

ሜዳ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ከአጥሩ አጠገብ፣ መሐል መስመሩ ላይ። ባለ ሦስት እግሩን ካሜራ ተከልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ከዚያች ቦታ ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። ቦታ ከተቀያየረ ልኬት የለም።

ትኬት ቆራጩ ስገባ እጄን ይዞ «ኢንጂነር፣ ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ሜዳው ጭር አለ እኮ» አለኝ። ተመልካች ቀነሰ ማለቱ ነው። በዕረፍት ሰዓት ቆጠርኩ። 310 ሰው። በእሷ ጊዜ 290 ገደማ ነበር። ሰው ሳይቆጥር ያወራል።

መሐል ሜዳ ላይ አሁን የምትጫወተው ሌላ ልጅ ናት። ጥሩ ናት። ቅብብል 12፣ ጽናት 13። ኳስ ስትቀበል ግን ጭንቅላቷን አታዞርም። የእኔዋ ከመቀበሏ በፊት ሁለቴ ትዞር ነበር፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ መንገድ እንደሚያሻግሯት ሕፃን። ሰባት ዓመቷ ላይ ነው ያስተማርኳት። ዕይታ 17 ሰጥቻት ነበር። ስለ 17ቱ ማንም አያወራም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታውን ከፈትኩ። አሮጌውን። በአሮጌው ጨዋታዬ የኛ ክለብ አሰልጣኝ ነኝ፤ ልጅቷም አልሄደችም። ሲጠይቁኝ ሁሉ አልሸጥም ብያለሁ። አሥራ አራት ወር እንደያዝኳት ነው።

አንድ ቁልፍ አለ። «ልምምዷን አመስግን» ይላል። በየቅዳሜው እጫነዋለሁ። «ተጫዋቿ በአሰልጣኟ ቃል ተደስታለች» ይላል፣ አረንጓዴ ፊት ያሳያል። ስልሳ ጊዜ ያህል አመስግኛታለሁ። በእውን ስንት ጊዜ?

ምን ብዬ ልሙላው? ከ1 ይጀምራል ልኬቱ። ዜሮ የለውም።

ዛሬ አዲሱን መረጃ ጫንኩ፤ አሮጌው ጨዋታ ላይ አይገባም። የግድ አዲስ ጨዋታ መጀመር ነው። ጀመርኩ። ያንኑ ክለብ ያዝኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ እሷን ከዚያኛው ክለብ መጠየቅ ነበር። ድፍረት 15 ከፊቴ ተደቅኗል።

«ተጫዋቿ ወደ ክለብዎ ለመምጣት ፍላጎት የላትም።»

ቃል ጨመርኩ። ቋሚ ተሰላፊ ትሆናለች። አምበል ትሆናለች። የፈለገችውን ቁጥር ትለብሳለች።

«ተጫዋቿ ለውይይት ፈቃደኛ አይደለችም።»

ወጥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። እናቷ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም» አልኳት። «ታዲያ ይሄ ፊት ለማን ነው?»


መጋቢት 26

ፋርማሲስቷ ጻፈችልኝ። ድርጅቱ አድራሻዬን ሰጥቷት ነው። «ቁጥራችን ይህን ያህል የሚራራቅበት ምክንያት ለእኔም አልገባኝም። ሚያዝያ 13 በሜዳችን ጨዋታ አለ። ይምጡና ጎን ለጎን ተቀምጠን እንቁጠር።» ትሕትና አላት። አባቷ መሆኔን አታውቅም፤ ድርጅቱ መዛኞችን በቁጥር እንጂ በስም አይጠራም።

ልሂድ?

ያ ቀን ትዝ አለኝ። አምና ጥር። የቡድኑ ልጆች ለጨዋታ ሲሄዱ አውቶቡስ ውስጥ ጨዋታውን ከፍተው እርስ በርስ ቁጥር ያያሉ። የእሷን አዩ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቀረ። «ስድስት፣ አቀብዪ!» «ስድስት፣ ተነሺ!» በሳምንቱ የተመልካቹም አፍ ገባ።

ልጄ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«አባዬ፣ ይሄን የሰጠኸኝ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስድስት?»

«ስድስት።»

«በረኛችን እንኳ ዘጠኝ አላት! ድመት ስታይ የምትጮኸው!»

ደብተሩን አመጣሁ። ለምን አመጣሁት? … ያኔ ግን ትክክለኛው ነገር እሱ መስሎኝ ነበር። ገጽ በገጽ አሳየኋት። ሌላ አባት ቢሆን ለልጁ ያዳላል፣ እኔ አላዳላሁም፣ ይኸው ደቂቃው፣ ይኸው ኳሷ፣ ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኙን ትተሻል። ኮርቼ ነበር መሰለኝ። አዎ፣ ኮርቼ ነበር።

ዓምዱን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች አየችው። ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ።

«የሰማሁህ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም።»

በወሩ ለሌላ ከተማ ክለብ ፈረመች። ሦስት ሰዓት መንገድ። የስልኬን ጥሪ አታነሳም። የምን መስማት ነው? ምን ብያት ነው የሰማችኝ? እስካሁን አልገባኝም።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

«እሑድ ሳይት እሄዳለሁ። ድልድዩ ጋ ናሙና አለ» አልኳት ሚስቴን።

«እሑድ?»

«እሑድ።»

«ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

  

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ሹራብ ያዝ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ይነፍሳል ትላለች።»

ትላለች… ልጄ ስለምትኖርበት ከተማ ነፋስ እንኳ በሰው ነው የምሰማው።


እሑድ፣ ሚያዝያ 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልሆነ ይጠፋኛል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት ገደማ፣ ነጭ ጋወኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች፣ ከሥራ ነው የመጣችው።

«እርስዎ ነዎት ያ ስድስት የሰጡት?»

«እኔ ነኝ።»

«የድርጅቱ ገጽ ላይ ባለው ፎቶዎ ክፉ ይመስሉ ነበር። በአካል ደግሞ…» አየችኝ። «በአካልም ያው ነዎት።»

ስለ 15.76 ጠየቅኳት። ለምን 16 አላልሽም? «እርግጠኛ ካልሆንኩ ወደ ታች ነው የማጠጋጋው። ሽሮፕም ስሰጥ እንደዚያው ነኝ» አለች። መልስ ነው። ተቀበልኩት።

የተቀመጥነው እሷ ሁልጊዜ የምትመዝንበት ቦታ ላይ ነው፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከምሰሶ አጠገብ። ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ልጄ እንዳታየኝ። ፋርማሲስቷ ነፋሱን የፈራሁ መስሏት ቦታ ልቀይርዎት አለች። አይ አልኩ።

ቡድኑ ወጣ። ስምንት ቁጥሯ ልጄ ናት።

ቀጥናለች። ጸጉሯን አሳጥራለች። እናቷ ይሄን አልነገረችኝም። ስትሮጥ ቀኝ እጇን ዛሬም እንደ ዱሮው ትይዘዋለች፣ እንቁላል የያዘች ይመስል። አሥራ አራት ወር… ደብተሬን ለመክፈት ዐሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች አልተመዘገቡም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ፦ አራት የጋራ ኳስ። አራቱንም ገባች። አንደኛዋ ላይ ከተጋጣሚዋ ጋር አብረው ወደቁ፣ ቀድማ ተነሳች፣ ልጅቷን እጇን ይዛ አነሳቻት።  ፋርማሲስቷ ሳታየኝ «አራት በአራት» አለች። ደብተሬ ላይ አጎነበስኩ። ስለኮራሁ ነው ወይስ ስለተሸነፍኩ? ሁለቱም ነበር።

በዕረፍት፣ «ይሄ ምሰሶ የቀኙን ጥግ ይደብቃል፤ ልኬቱን ያበላሻል። አጥሩ ጋ እንውረድ» አልኳት። እውነት ነው፣ ይደብቃል። ግን ልቅረባት ብዬም ነው። እዚህ ማን ያነበዋል፣ ልቅረባት ብዬ ነው።

ወረድን። ፋርማሲስቷ ስልኳን ከአጥሩ ጋር አስደግፋ መቅረጽ ጀመረች።

ሁለተኛው አጋማሽ፦ አምስት የጋራ ኳስ። አንዷን ገባች። አራቱን ተወች።

አራት! የማውቃት ልጅ ተመልሳ መጣች። ኳሷ ላይ ትደርሳለች፣ ልትገባ ስትል አንዳች ነገር እንደነካት እግሯን ትሰበስባለች። ሦስተኛዋን ስትተው ኳሷ አልፋ ግብ ሆነች። ከኋላችን አንዱ «ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት?» አለ። ሌላው «ስድስት!» ብሎ ጮኸ። እዚህም ደርሷል ለካ።

በ70ኛው ደቂቃ ተቀየረች። ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ስትሄድ በአጥሩ በኩል አለፈች። አየችኝ። ሦስት ሜትር። ቢበዛ ሦስት ተኩል። ሚጣ ልላት ፈለግኩ፣ በቤት ስሟ። አፌ አልከፈት አለኝ። ዓይኗን ሳትመልስ አለፈች።

ተሸነፉ፣ 1 ለ 0።

ደብተሬን ለፋርማሲስቷ አሳየኋት። «አየሽ? እኔ ያየሁትን አየሽ? ስድስት እንኳ በዛላት!» እርሳሴን ዓምዱ ላይ ደጋግሜ መታሁ። በድል ነው መሰለኝ። አይደለም፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ደብተሩን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ጋሼ… አባቷ ነዎት እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሰው ለማያውቃት ልጅ እንደዚያ አይጮህም።»

«ማን ጮኸ?»

«እርስዎ።»

አልጮህኩም አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ስመዝን ድምፅ አውጥቼ አላውቅም።  ከዚያ ስልኳን አንስታ ወደ ኋላ መልሳ ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

የሰው ጫጫታ። ፊሽካ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ቅርብ፣ እንደሚቃጠል ሰው ሆኖ፦ «ተዪው! ተዪው! ሚጣ፣ ተዪው!»

የኔ ድምፅ ነው።


ሚያዝያ 14

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ማስረጃ አልጠየቁኝም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

የዘጠኙንም ጨዋታ ቪዲዮ አወጣሁ። ሁሉንም የቀረጽኩት ራሴ ነኝ፣ ካሜራው ሁልጊዜ እጎኔ ቆሞ። ስመዝን ግን ሁልጊዜ ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው። ደንቤ ነው። የተመልካች ጩኸት ሚዛን ያሳስታል፤ ዓይን ብቻ ይፍረድ። በዚህ ደንብ ስንት ሰው ላይ ተፈላስፌያለሁ!

ዛሬ ድምፁን ከፈትኩት።

ጨዋታ 1፣ 12ኛው ደቂቃ፦ «ተዪው!» ተወች።
ጨዋታ 1፣ 33ኛው ደቂቃ፦ «ሚጣ፣ ተዪው!» ተወች።
ጨዋታ 2…

እስከ ማታ ስሠራው ዋልኩ። ከ29ኙ 25ቱ ላይ የኔ ድምፅ ይቀድማል። ግማሽ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ። ቀድሜ እጮሃለሁ፣ ትሰማኛለች፣ ትተዋለች፣ እኔ አጎንብሼ «ተወች» ብዬ እጽፋለሁ። እርሳሱ ሲጫር ሁሉ ይሰማል።

25ቱ መውጣት አለባቸው። የተበላሸ ናሙና ነው። 16 ኳስ ይቀራል። 12ቱን ገብታለች። 12 ለ16፣ በ20 ሲባዛ።

አሥራ አምስት። እቅጩን። ማጠጋጋትም አያስፈልገው።


ሚያዝያ 16

የሌሎቹን ተጫዋቾችም ቪዲዮ አዳመጥኩ፣ የአሥራ አንዱን ዓመት ሁሉ ባይሆንም ከአርባ ያህል ጨዋታ የጋራ ኳሶቹን ብቻ እየመረጥኩ። ለማንም አልጮህኩም። ትንፋሼ እንኳ አይሰማም። ለእሷ ብቻ ነው።

ከሰዓት ኩሽና ገባሁ። ሚስቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ሜዳ ላይ እጮህ ነበር?»

ቢላዋው አልቆመም። «አሁን ነው የሰማኸው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ትኬት ቆራጩ ያውቃል። ዳኞቹ ያውቃሉ። አንድ አንተ ነህ የማታውቀው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። መቼ? ስንት ጊዜ? በየትኛው ጨዋታ? አልከኝ። ትቼህ ልብስ ላጥብ ሄድኩ።»

እንዲህ ብያት ይሆናል። ብያታለሁ።

«እሷስ? አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንተ ሰውዬ! ልጅቷ እያወቅክ የምትጮህ ነው የሚመስላት! ተዪው ብለሃት እሺ ብላህ ትታ፣ መልሰህ ፈሪ ብለህ ለዓለም ሁሉ ጻፍክባት። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

አሁን ቢላዋው ቆመ።

«የትከሻዋ አጥንት የተሰበረ ዕለት ነው የጀመርከው» አለች ቀስ ብላ።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ። ኳሷ ላይ ከአንዲት ትልቅ ልጅ ጋር እኩል ደረሱ። ቆሜ ነበር፣ ከአጥሩ አጠገብ። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ። እኔ በሥራዬ ብዙ ነገር ሲሰበር እሰማለሁ። ያ ድምፅ ግን… ያን ዕለት አንስቼ እስከ ሐኪም ቤት በእጄ ተሸከምኳት። «አባዬ፣ ግቧ ገባች?» ነበር የምትለኝ መንገዱን ሙሉ። ገብታለች አልኳት። አልገባችም ነበር።

ፈሪው ማን እንደሆነ ማስረጃው እጄ ላይ አለ። ዘጠኝ ቪዲዮ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ሜዳ አልሄድኩም።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። «ስድስቱ ስህተት ነበር። ስህተቱ የመዛኙ እንጂ የተጫዋቿ አይደለም። የተበላሹት 25 ናሙናዎች ከነደቂቃቸው ተያይዘዋል። ‹ከአንድ ወገን ዕይታ› ያላችሁት ግን ልክ አይደለምና ይታረም፤ ዕይታዬ ትክክል ነበር። ያልሠራው ጆሮዬ ነው። ተጫዋቿ ልጄ መሆኗን አለማሳወቄም የእኔ ጥፋት ነው። የከተማዬን ክለብ የሚመዝን ሌላ ሰው ፈልጉ።»

በደቂቃው መልስ መጣ። «ላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን።» ማሽን ነው የመለሰው። እኔም እንደዚህ ነበር የምመልሰው ይሆን?


ሚያዝያ 29

ፋርማሲስቷ ጻፈች፦ እሑድ ዕለት 5 የጋራ ኳስ፣ 5ቱን ገባች፣ ጤናዋ ደህና ነው። ጤናዋን አልጠየቅኳትም ነበር። ከራሷ ነው የጨመረችው።


ግንቦት 2

ሚስቴ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅኳት።

«ነገርሻት?»

«ምኑን?»

«እንደማላውቅ። እየጮህኩ እንደነበር እንደማላውቅ።»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ዝም አለች።»

«ስንት ያህል?»

«ስንት ያህል ትለኛለህ እንዴ! ዝም አለች ነው የምልህ። ከዚያ ‹ሰላም በይው› አለች።»

ሰላም በይው። በአሥራ አምስት ወር ሁለት ቃል። ሁለት ቃል በሰው አፍ። እናቷ «ይበቃሃል፣ መጀመሪያ ነው» ትላለች። አይበቃኝም! «ሰላም በይው» ለጎረቤትም ይባላል። ለፖስተኛም ይባላል። እኔ የምፈልገው… ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። በሩን ሳታንኳኳ እንድትገባ ነው። ተቆጥታም ቢሆን።


ግንቦት 6

ደብዳቤውን ስምንት ጊዜ ጻፍኩት። ሰባቱ ረዝመው ነበር። የመጨረሻውን እዚህ ገልብጫለሁ፤ ዋናው ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ይገባል።

«ለሚጣ፣

በሜዳችን በተጫወትሻቸው ዘጠኝ ጨዋታዎች 25 ኳስ የተውሽው እኔ ተዪው ስላልኩሽ ነው። ዝርዝሩ ተያይዟል፤ ደቂቃና ሰከንዱ ተጽፏል። እየጮህኩ እንደነበር አላውቅም ነበር። ሰበብ አይደለም። መዛኝ የራሱን ድምፅ ማወቅ ነበረበት፣ አባትም።

ደብተሩን አምጥቼ ያሳየሁሽ ቀን ‹የሰማሁህ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ› ብለሽኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ጥፋተኛዋ አንቺ አይደለሽም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ለመጻፍ አሥራ አምስት ወር የወሰደብኝ መሆኑንም ጨምሬ።

እሑድ፣ ግንቦት 25 በሜዳችሁ የመጨረሻ ጨዋታ አላችሁ። መምጣት እፈልጋለሁ። ደብተር አልይዝም፣ ካሜራ አልይዝም፣ አጥሩ ጋ አልወርድም። ላይ፣ ጣሪያው ሥር እቀመጣለሁ። እናትሽ አጠገቤ ትሆናለች፤ አፌን ከከፈትኩ እንድትቆነጥጠኝ ተስማምተናል፣ እሷ እንዲያውም ከወዲሁ ልምምድ ጀምራለች። አንቺ የምትገቢበትን ግቢ። እኔ ዓይኔን ልጨፍን እችላለሁ፣ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው።

አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም። ነገር ግን በእናትሽ በኩል የሚመጣ መልስ አልቀበልም፤ ሰላምታም ቢሆን። አዎ ወይም አይ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። በራስሽ እጅ ተጽፎ እስከ ግንቦት 20 ቀን ድረስ ይድረሰኝ።

አባትሽ»